የቀጠነ ሳሙና

አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ የአንድ ሕፃን መምጣት ይጠበቅ ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ፣ ኩፍኝ በአንድ ሳምንት ሁለት ልጆች የነጠቃቸው እናት ናቸው። የተረፈላቸውን ቀናውን «አንተ የሰው ልጅ ታተርፋለህ» እያሉ አስተማሩት። አላሳፈራቸውም፤ የሕፃናት ተላላፊ በሽታዎች ሐኪምና ተመራማሪ ሆነ። ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት ልጁን ሥርጉትን ያሳደጉለት እኚሁ እናቱ ናቸው። ሥርጉት አግብታ ኮዬ ፈጬ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግዜር ልጅ አልሰጣትም፤ በአሥረኛው ፀነሰች። አስካለማርያም ያን ቀን እንደ ልጅ እየዘለሉ እልል አሉ።

በዚያው ሰሞን፣ ቀናው በሚሠራበት ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ በአንድ ወር ሰባት ሕፃናት ሞቱ። በሁሉም ደም ውስጥ የተገኘው አንድ ዓይነት፣ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ነበር። ከየት መጣ? ቀናው ከአልጋው፣ ከቱቦው፣ ከቧንቧው ናሙና ወሰደ። ምንም! አንድ ጠዋት ነርስ ጋዲሴ ጠራችው።

«ዶክተር፣ የሁሉን ናሙና ጠራርገው ወሰዱ። ይቺን ግን አልነኳትም» አለችው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእጅ ሳሙና ጠርሙስ እያሳየች።

«ሳሙና ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«ሳሙና ከሆነማ ጥሩ! እንዲበረክት በውሃ እናቀጥነዋለን፤ ሲጎድል እላዩ ላይ እንጨምራለን። እኔ እዚህ ከመጣሁ ይህ ጠርሙስ ሲታጠብ ካየሁ፣ ታቦትም ሲታጠብ አይቻለሁ።»

«ታቦት ይታጠባል እንዴ?»

«እኮ! ሁለቱንም አላየሁም ማለቴ ነው።»

ሳቁ። ውጤቱ ሲመጣ ግን ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ። ነርሶቹ ሕፃናቱን ከመንካታቸው በፊት እስከ ክርናቸው የሚታጠቡበት ያ ውሃማ ሳሙና ራሱ ባክቴሪያውን ሲያራባ ኖሯል። እናቶች «እጃችሁ ይባረክ» ይሏቸው የነበረው ያንን እጅ ነው!

ቀናው ሪፖርት ጻፈ። ሟቾቹን ከአንድ እስከ ሰባት በቁጥር አሰፈረ፤ ቀኑን ጽፎ ወደ ዳይሬክተሩ ወደ ፈቀደ ይዞት ገባ። ፈቀደ የተማሪነት ጓደኛው፣ ሥርጉትን ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነበር።

«አበልጄ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንግዶች ይመጣሉ» አለው ፈቀደ። «የጠየቅነውን የምርምር ማዕከል የሚፈቅዱልን እነሱ፣ የምትመራው ደግሞ አንተ። ጠርሙሶቹን ዛሬውኑ አስጥላለሁ። ወረቀቱ ግን ትንሽ ይቆይ።»

«ዛሬውኑ?»

«በልጃችን በሥርጉት ይሁንብኝ!»

ቀናው አመነው። አመነው… ወይስ ማመኑ ጣመው? ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ተመልሶ ያንን ግድግዳ አላየም።

አዲስ ሳሙና በእርግጥ ተገዛ። ሎሚ ሎሚ የሚሸት፣ ወፍራም ሳሙና! የተቀመጠው ግን ለእንግዶቹ በተዘጋጀው መጸዳጃ ቤት ነበር። ለትልልቆቹ እጅ ሎሚ፣ ለጨቅላዎቹ ሞት።

በአምስተኛው ቀን ቀናው ቢሾፍቱ ላይ ስልኩን ዘግቶ ስለ ሆስፒታል ንጽሕና ሲያስተምር፣ ሥርጉትን ያለጊዜዋ ምጥ ያዛት። ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዷት ሲሉ «አባቴ ጋ ውሰዱኝ!» ብላ ጮኸች። ሁለት ኪሎ የማትሞላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗም ወደዚያው ክፍል ገባች። ቀናው ወሬውን ሰምቶ እየበረረ ደረሰ። ልጅቷን ከመንካቱ በፊት ሊታጠብ ዞር ሲል… ያው ጠርሙስ! ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ግን ምን ያደርጋል? በዚያ የታጠቡ እጆች ቀድመው ነክተዋታል። በስድስተኛ ቀኗ፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየገባላት፣ አያቷ ሐኪሙ አጠገቧ ቆሞ እያየ ትንፋሿ ቆመ።

ለጨቅላ ቀብር ሰው አይበዛም። ፈቀደ ግን ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣ፤ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። ከቀብር የተመለሰ ሰው ሳይታጠብ ቤት አይገባምና አስካለማርያም ማንቆርቆሪያ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ቀናው ጠርሙሱን አወጣ።

«በዚህ ታጠብ፣ አበልጄ።»

ፈቀደ ጠርሙሱን አየና እጆቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ኧረ… ውሃው ይበቃኛል።»

«ታጠብ እንጂ! የልጅ ልጃችን የተነካችበት እኮ ነው።»

«ቀናው፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ!»

ባሏ ደግፏት የቆመችው ሥርጉት ቀና አለች። «ጋሼ ፈቀደ፣ ሳሙናው ምን አለበት?»

ፈቀደ ወደ ቀናው ዞረ። አስካለማርያም የያዙት ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ ይፈስሳል።

«አባዬ… አንተስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ። አሥራ አንድ ቀን።»

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ፣ ልክ ፈቀደ ከጠርሙሱ እንደሸሸ ሸሸችው።

«ሁለቱን ኩፍኝ ሲወስድብኝ እግዜር ነው አልኩ» አሉ አስካለማርያም በቀስታ። «ይህንንስ ማን ነው ልበል?»

ቀናው በማግስቱ ሪፖርቱን ለበላይ አካል ሰጠ። ጠርሙሶቹ ተጣሉ፤ ሞቱም ቆመ። ይህን ያህል ቀላል ነበር! ፈቀደ ከፍ ወዳለ ቢሮ ተዛወረ። ቀናው ማዕከል አልመራም፤ እናቱም በዓመቱ አረፉ። ሥርጉት ለቀብር መጥታ ሄደች፤ አባቷን አልጨበጠችውም።

ቀናው የጥናቱን ጽሑፍ ወደ መጽሔት ከመላኩ በፊት ስምንተኛውን ረድፍ ባዶ ትቶ ለልጁ ላከላት። በስልክ አንድ መልእክት መጣለት፤ «ቁጥር አትበላት። ስሟ ፍቅርተማርያም ነው።» እንዳለችው ጻፈ። አዘጋጆቹ የታካሚ ስም አይፈቀድም፣ በቁጥር ይተካ ብለው መለሱት። አልተካውም። ጽሑፉ ሳይታተም፣ ሰባት ቁጥርና አንድ ስም እንደያዘ፣ ጠረጴዛው ላይ አለ።

የሰፈሩ ሰው የዚያን ቤት ነገር ሲያነሣ «ዕጣቸው ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። ምን ይደረጋል? ዕጣ ብዙ ነገር ያደርግ ይሆናል። ሳሙና ግን አያቀጥንም።