ያልተለበሰ ቬሎ

ስልኩ ከቲልዳ እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ያገለገሉ ልብሶች በሚሸጡበት አፕ ላይ የክረምት ካፖርት ስታስስ ነው ቬሎው የመጣባት። «አንድም ቀን ያልተለበሰ» ይላል። ቬሎው መስታወት ፊት ተሰቅሎ ነው ፎቶ የተነሣው፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው መብራት ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሟል።

ሩበን!

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለች ብቻዋን።

ባለፈው እሑድ «አግቢኝ» ብሏት፣ «ቅዳሜ መልሴን እነግርሃለሁ» ያለችው ሩበን፣ የየትኛዋ ሴት ቤት ገብቶ ነው መብራት ያዥ የሆነው? ለዚያውም ለቬሎ! አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

እሱ በማያውቀው ስም ሌላ አካውንት ከፈተችና ገዢ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀች። «ለምንድን ነው የሚሸጡት?»

መልሱ ወዲያው መጣ።

«አፑ ላይ ያለው ሱቅ የእኅቴ ነው፤ ቬሎው ግን የእኔ ጣጣ ነው። እናቴ ለሙሽራዬ የሰፋችው ነበር። ሙሽራዬ ግን የሠርጋችን ዕለት ጠዋት ጥላኝ ጠፋች። እዚህ ስታይንባክ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። አሁን የምወዳት ልጅ ግን ከሩቅ ስለመጣች አልሰማችም። አንድ ቤት ሁለት ሙሽራ አይገባም ብዬ ነው የምሸጠው።»

ቲልዳ ደርቃ ቀረች። ከተማው በሙሉ ያውቃል! አከራይዋ፣ ዳቦ ሻጩ፣ ሰባኪው ሳይቀሩ! ጉድ እኮ ነው፤ እሷ ብቻ ናት እንደ እንግዳ የተቀመጠችው።

መልሳ ጻፈች። «ለልጅቷ ነግረዋታል?»

«አልደፈርኩም። ‹ምን ቢገኝበት ነው የተተወው› ብላ እሷም ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ። ይቅርታ፣ ለማላውቀው ሰው ብዙ ቀባጠርኩ።»

ቲልዳ አለቀሰች። ከንዴት ይሁን ከፍቅር ራሷም አልገባትም። «እገዛዋለሁ፤ ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብላ ጻፈችና አድራሻውን ተቀበለች።

በማግስቱ የእኅቱን ቤት በር የከፈተላት ሩበን ነው፤ ቬሎውን ክንዱ ላይ አጣጥፎ ይዟል። ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንቺ… አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ! ለማታውቀው ሰው ሆድህን ዘርግፈህ፣ ለእኔ አሥር ወር ሙሉ አፍህን ትለጉማለህ?»

«የማላውቀው ሰው ቢሄድ ምን ይጎዳኛል?» አላት። «አንቺ ብትሄጂ ግን አለቀልኝ።»

ብርዱ ጆሯቸውን እየቆረጠው ሁለቱም አልተነቃነቁም። ቲልዳ ዓይኑን አየችው፤ የዚያ የሠርግ ጠዋት ፍርሃት እስከ ዛሬ ተቀምጦበታል። ስድብ አዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ አንዱም አልመጣላትም።

«ስሟ ማን ነበር?» አለችው በቀስታ።

«ዋንዳ።»

«በል ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። በአፍህ። ከእንግዲህ ያንተን ነገር ከሌላ ሰው ብሰማ ወየውልህ!»

ይኸኔ እኅቱ ሎርና ከውስጥ ጮኸች። «ሩበን፣ ገዢዋ መጣች እንዴ? ዋጋ ቀንስ ብትልህ እሺ እንዳትል!»

ብቅ ስትል ቲልዳን አየች፤ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ቲልዳ? ቬሎውን የምትገዢው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ቬሎው ይቅርብኝ» አለች ቲልዳ፣ ዓይኗን ከሩበን ሳትነቅል። «ሙሽራውን ነው የምወስደው።»

ቬሎው ከሩበን ክንድ ተንሸራቶ በረዶ በቀለጠበት ምንጣፍ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሣውም።