ሰተት ብሎ የገባው ፒስተን

ፒስተኑ ሰተት ብሎ ገባ። የመካኒኩን ልጅ፣ የብርጓልን፣ ያበሳጫትም ይኸው ነው።

ጥሩ ፒስተን እንደ ጥሩ አማች ነው፤ ሲገባ ትንሽ ማፈር አለበት። ይኼኛው ግን እንደ ቤቱ ባለቤት ዘው ብሎ ገብቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ተንገዋለለ። በጣቷ ነካ ስታደርገው ቀጭ አለ። በሌላው ጎን ስትነካው እንደገና ቀጭ አለ።

«እሰይ! ደግሞ ታወራለህ» አለችው።

የሚሰማት ሰው አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለችው ባለ ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። አባቷ አቶ ደርቤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ተሰብሮ የቆመ የጭነት መኪና ሊጠግኑ ትናንት ማለዳ ወርደዋል፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተዘግቷል። ፊቷ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያክሙት የድሬሰሩ የአቶ ኃይለ ሚካኤል ሞተር ብስክሌት አንጀቱ ተዘርግፎ ተቀምጧል።

አባቷ ሲወጡ ያሏት እንዲህ ነበር፦

«ምልክት የሌለበትን ፒስተን ግጠሚ። ሞክሬዋለሁ፤ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። የቀሩትን ሁለቱን ዓርብ ጠዋት ለሚመለሰው አውቶቡስ ስጪ። ቅዳሜ ስመጣ ድምጿን ልስማ።»

ቀጥለውም፣ የመኪናው ሞተር ከተነሣ በኋላ፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ሞተሯን ገጥመሽ ዝጊያት ያልኩሽ አንቺን ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት» አሉ።

የብርጓል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የተፈቀደላት ብረት በናፍጣ ማጠብ፣ ቁልፍ ማቀበልና ዝም ማለት ነበር። ሁለቱን በደንብ ትሠራለች፤ ሦስተኛው አልሆነላትም። አሁን ግን አንድ ሙሉ ሞተር በገዛ እጇ ልትዘጋ ነው። ይህን ትናንት ለጎረቤቷ ለማሬ ነግራታለች። ለማሬ መንገር ደግሞ ለሰፈሩ መንገር ነው።

«ቅዳሜ ሞተር ሲያጓራ ብትሰሚ እኔ ነኝ» ብላት ነበር።

«አንቺ መቼ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለች ማሬ። «ለመሆኑ ባለፈው ከጋራዣችሁ ወጥቶ መንገድ ላይ የተፈታው ጎማ ያንቺ ሥራ ነው የአባትሽ?»

«የምላስሽ ነው።»

አሁን ታዲያ ሞተሩን መዝጋት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አባቷ መርጠዋል፤ እሷ ትገጥማለች፤ ቅዳሜ ያጓራል። ይህን ያህል ቀላል ነበር፣ ያ ቀጭ ቀጭ ባይኖር።

ፒስተኖቹ ሦስት ናቸው። የአዲስ አበባው ዕቃ ሻጭ ልማዱ ነው፤ አባቷ «ለዚህ ሞተር ፒስተን ላክልኝ» ብለው ሲጽፉለት ሦስቱን በአንድ ካርቶን አስሮ ለአውቶቡሱ ሾፌር ይሰጣል። «የሚስማማችሁን አስቀሩ፤ የቀረውን በዚያው መልሱልኝ» ይላል። ሦስቱም አዲስ ናቸው፤ ሦስቱም ያብረቀርቃሉ፤ ለሚያይ ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንደኛው አናት ላይ ግን ምንም የለም፤ ሁለተኛው ላይ 25 የሚል ቁጥር ተመትቷል፤ ሦስተኛው ላይ 50።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ የብርጓል ታውቃለች። ከሞተር ብስክሌቱ ጋር የመጣች አንዲት በእንግሊዝኛ የተጻፈች ስስ ደብተር አለች። አባቷ ሥዕሏን ያያሉ። የብርጓል ግን ከትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ተውሳ፣ ዘጠኝ ቀን ቁጭ ብላ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብባታለች። 25 ማለት ፒስተኑ ከመጀመሪያው ልክ በሩብ ሚሊሜትር ይወፍራል፤ 50 ማለት በግማሽ። እነዚህን ለመግጠም ሲሊንደሩ ቶርኖ በሚባለው ብረት መቁረጫ ማሽን ላይ ወጥቶ ከውስጥ ተፍቆ መስፋት አለበት። ምልክት የሌለው ግን ላልተበላ ሲሊንደር ነው።

ይኼኛው ሲሊንደር ተበልቷል። ስስ የብረት ቅጠሎች የተደረደሩበትን መለኪያ አንሥታ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል አስገባች። ደብተሯ ከ15፣ ማለትም ከአሥራ አምስት መቶኛ ሚሊሜትር፣ የወፈረ ቅጠል ከገባ ሲሊንደሩ አልቋል ትላለች። 20 ገባ። 25 ገባ። 30 ላይ ብቻ ያዘ።

ፒስተኑን አወጣችና ሲሊንደሩን ወደ ብርሃን አዙራ አየች። ጭሱ በሚወጣበት ቀዳዳ ጎን ከላይ እስከ ታች የወረደ ጭረት አለ። ጥፍሯን ስትሰድበት ጥፍሯ ተያዘ።

አባቷ ይህን ሳያዩ ቀርተው ነው? የብርጓል ምላስ ብዙ ሰው ይነካል፤ አባቷን ግን ሰነፍ አይልም። እሳቸው ያደጉት በኤንትሬ ነው፣ በትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች። የኤንትሬ ሲሊንደር ውስጡ እንደ ሸሚዝ የሚወልቅ ብረት አለው። ሲያልቅ ሸሚዙን ያወልቁና ሌላ ያለብሱታል፤ ፒስተኑም ሁሌ የመጀመሪያው ልክ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እጃቸው የለመደው ምልክት የሌለው ፒስተን ነው። ይቺ ትንሽ ሞተር ግን ሸሚዝ የላትም። የተጫረው ቆዳዋ ነው።

ስለዚህ ምልክት የሌለውን ብትገጥመው ሞተሩ ቅዳሜ ያጓራል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ይጁቤን አልፎ አንድ ዳገት ላይ፣ ዝም ይላል። 50ውን ብትመርጥ ደግሞ ሲሊንደሩ ይፋቃል፤ ከተፋቀ በኋላ መመለሻ የለውም። ተሳስታ ከሆነ ሲሊንደሩ ቆሻሻ ነው። ሌላ ሲሊንደር ደግሞ በአውቶቡስ ሦስት ሦስት ሆኖ አይመጣም።

«የብርጓል! ሞተሬ ዳነች ወይ?»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሰኞ ለፈንጣጣ ክትባት እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በየቀኑ እየመጡ እንደ ዘመድ ታማሚ ይጠይቋታል።

«ገና ናት» አለች የብርጓል። «ሲሊንደሩ ተበልቷል። የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ጋ ቶርኖ ላይ ወጥቶ መፋቅ አለበት። ከዚያ ይኼን ነው የምንገጥመው።» 50ውን አሳየቻቸው።

«እንግዲህ አባትሽ ካሉ እኔ ምን አውቃለሁ!» አሉና ሲሊንደሩን አነሡ። «ነዪ፣ እኔው እሸከምልሻለሁ።»

አባትሽ ካሉ። የብርጓል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ዝም ማለት ውሸት አይደለም አለች በልቧ። ሦስቱንም ፒስተኖች በጨርቅ ጠቅልላ ተከተለቻቸው። መንገዱን ሙሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል እያወሩ ሄዱ፤ እንደሷ ላለ ሰው ያን ያህል መንገድ ዝም ማለት በሽታ ነው።

የመንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ ውስጥ ያለው ቶርኖ የአቶ ታረቀ ነው። የመንግሥት መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ከአቶ ታረቀ ፊት ግን ማንም አይናገርም። አጭር፣ ከብረት ጩኸት የተነሣ ጆሯቸው የከበደ፣ ሲያወሩም ሲቆጡም ድምፃቸው የማይለይ ሰው ናቸው።

«ደርቤ የት ሄዶ ነው አንቺን የላከው?» ብለው ጮኹ።

«ዓባይ በረሃ ወርደዋል።»

አቶ ታረቀ ሲሊንደሩን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ ጠመኔ አንሥተው ዘረጉላት። ከቶርኖው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ በላዩ ላይ ቁጥርና ስም፣ ቁጥርና ስም ተጽፎበታል።

«የዚህን ቤት ሕግ ልንገርሽ» አሉ። «ብረት ከቆረጥኩት አልቀጥለውም። ልኩን ያዘዘ ሰው ልኩንና ስሙን በእጁ ይጽፋል። በኋላ ‹ታረቀ አበላሸብኝ› የለም! የአባትሽን ስም ጻፊና ልጀምር።»

የብርጓል ወደ ሰሌዳው ቀረበች። የአባቷ ስም በአራት ቦታ አለ፤ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብሎ የቆመ ጽሕፈት። በመጨረሻው መስመር ላይ 50 ብላ ጻፈች። ቀጥላ «ደ» ብላ ጀመረች።

እጇ ቆመ።

ልኬቱ ስህተት ከሆነ፣ ያልለካው ሰው ስም እዚህ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ልክ ከሆነም ያልለካው ሰው ስም ይቀራል። ሁለቱም አላማራትም። እውነቱን ለመናገር፣ ይበልጥ ያላማራት ሁለተኛው ነው።

«ደ»ን በመዳፏ አጠፋችው። በቦታው «የብርጓል» ብላ ጻፈች። የአባቷን ስም አልጨመረችም።

አቶ ታረቀ አነበቡ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ስሜ ነው።»

«ስምሽን መች አጣሁት! ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ይኼ ሰሌዳ ከተሰቀለ የሴት ልጅ ስም ተጽፎበት አያውቅም።»

«ጠመኔው ግን እሺ ብሎ ጽፏል» አለች የብርጓል። ከዚያ ወደ አቶ ኃይለ ሚካኤል ዞረች። «ጋሼ፣ ቅድም ልነግርዎ ሲገባኝ ዝም አልኩ። አባቴ የመረጡት ይኼን አይደለም። ምልክት የሌለውን ግጠሚ ነው ያሉኝ። ይኼን የለካሁትም የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ካልፈለጉ አሁኑኑ ይዘነው እንመለሳለን፤ አባቴ ያሉትን እገጥማለሁ።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «እንዲያው ልጄ፣ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነበር? አባትሽን የሚያህል መካኒክ ያለውን ትተሽ…»

«ይዩት» አለችና ምልክት የሌለውን ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ከትታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። «ያወዛውዙት።»

አወዛወዙት። ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

«አሁን ያውጡትና ጥፍርዎን እዚህ ላይ ይስደዱ።»

ጥፍራቸውን ሰደዱ። ጭረቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ ፊታቸውም አብሮ ቆመ። አቶ ታረቀ ተጠግተው በራሳቸው ጥፍር ሞከሩ።

«ይኼ ማለቅ አይደለም!» ብለው ጮኹ። «ይኼ ፒስተን ተጣብቆ የተላቀቀበት ነው! ዘይት አጥቶ! ማነው ቤንዚኑን ዘይት ሳይቀላቅል ያጠጣት?»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይጁቤ ገበያ ላይ ነው» አሉ፣ ለባርኔጣቸው የሚነግሩ ይመስል። «ዘይት ሻጩ አልነበረም። አንድ ቀን ምን ታመጣለች ብዬ… መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ስትቀዘቅዝ ተነሣች። ለደርቤ ጉልበት አነሳት ብቻ ነው ያልኩት። አፈርኩ እንጂ።»

የብርጓል አየቻቸው። አባቷ ለምን ሲሊንደሩን በብርሃን እንዳልመረመሩ አሁን ገባት። የታመመ ሰው በሽታውን ከደበቀ ሐኪም ምን ያደርጋል? ይህን ከአቶ ኃይለ ሚካኤል የበለጠ የሚያውቅ ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልነበረም። ምላሷ ጫፍ ላይ ሦስት የተሳሉ ቃላት መጡ። ሦስቱንም ዋጠቻቸው፤ እሷም ከጋራዡ እስከ ካምፑ ዝም ብላ መጥታለች።

«25ቱስ አይበቃትም?» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

«ሩብ ሚሊሜትር ማለት ለሁለት ጎን ነው» አለች። «ከእያንዳንዱ ግድግዳ የሚነሣው የሩቡ ግማሽ ብቻ ነው። ጭረቱ አይጠፋም።»

አቶ ታረቀ አልጮኹም። በእሺታ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ከአቶ ታረቀ ይህ ብዙ ነው።

«ለአባትሽስ ማን ይነግራቸዋል?» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

«እኔ። ምልክት የሌለውን በነገው አውቶቡስ አልመልሰውም። ሲመጡ ከዚህ ሲሊንደር አጠገብ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ራሳቸው ይለኩ።»

«እኔም እመጣለሁ» አሉ ድሬሰሩ። «የይጁቤውን ነገር ከኔ ይስሙ።» ቀጥለው ሲሊንደሩን ለአቶ ታረቀ ሰጡ። «ሰኞ ብትቆምብኝ በበቅሎ እሄዳለሁ። ለበቅሎዋም ያንቺን ስም ነው የማወጣላት።»

«ጥሩ ስም ነው» አለች የብርጓል። «በደንብ ትሮጣለች።»

አቶ ታረቀ 50ውን ፒስተን ከእጇ ተቀብለው ካሊብሮ በሚባለው መለኪያ ዙሪያውን ለኩ። ሲሊንደሩን ቶርኖው ላይ አሰሩ፤ ፈቱ፤ መልሰው አስተካክለው አሰሩ። የካምፑ ጄኔሬተር ከውጭ ይንጎራጎራል። ማብሪያው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ዞሩ። አቶ ኃይለ ሚካኤልን አላዩም፤ ያዩት የብርጓልን ነው።

«ከነካሁት አይመለስም።»

እጆቿ ናፍጣና ጠመኔ ናቸው። ቀሚሷ ላይ ጠረገቻቸው፤ ደጅ ወጥታ እንደምትጠብቅ ደንበኛ ሳይሆን ብረቱ ሲፋቅ ወደሚታይበት ቦታ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ይንኩት» አለች።