ቱንቢው ያደረበት ማዕዘን

የግንበኛው የያርጋል ሬሳ የተገኘው ደባርቅ ዳር፣ ገና ባላለቀ የእንግዳ ማረፊያ ግንብ ሥር ነው። በጀርባው ተንጋሏል፤ ዓይኖቹ ዕድሜውን ሙሉ ሲክበው የኖረውን ድንጋይ እንዳዩ ቀርተዋል። ከበላዩ፣ ከባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ አንድ ጣውላ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል።

ኮንትራክተሩ ደምለው የሞቱን ምክንያት ፖሊስ ከመድረሱ በፊት አግኝቶ ጨርሶ ነበር።

«ገመድ ተበጠሰ፣ ሰው ወደቀ። አደጋ ነው እህቴ። ቶሎ ፈርሚልኝና ሬሳው ይነሳ፤ ያቦካሁት ሲሚንቶ እየደረቀብኝ ነው።»

ኢንስፔክተር ጣይባ አሊ ተንበርክካ የጣውላውን ገመድ ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። ጣይባ የደባርቅ ገበያ ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ዝም ስትል የተሸነፈች ከመሰላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ እስር ቤት ናቸው።

«አቶ ደምለው፣ የተበጠሰ ገመድ ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ይንጨፈረራል። ይሄኛው ቋጠሮው የነበረበት ቦታ እንኳ እንደተጠማዘዘ ነው። ሰው ፈቶታል። ሲሚንቶዎ ይድረቅ።»

ከሟቹ ኮት ኪስ የግንበኛ ቱንቢ አወጣች፤ በክር የሚንጠለጠል፣ ግንብ ቀጥ ማለቱ የሚለካበት የነሐስ ክብደት። ክሩ እንደ ሽቦ ደርቋል። ኪሱ ውስጥ የደረቀ ማልታ ፍርፋሪ ቀርቷል። ማልታ ለግንበኛ የተቦካ ሲሚንቶና አሸዋ ነው፤ እጁ ላይ ቢገኝ አያስገርምም። ጣይባን የገረማት ኪስ ውስጥ መሰባበሩ ነው።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው እንግዳው የሚባለው ሁለተኛው ግንበኛ ነበር። አርባ ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው።

«ማታ ሥራ እንዳቆምን ወደ ቤቴ ገባሁ። ጋሽ ያርጋል ቀሩ። ጠዋት ስመጣ ይኸው።»

«ከእሳቸው ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

«ኧረ እኔ ሰው አላማም» አለና ወዲያው አማ። «ረዳታቸው ይግዛው ግን አኩርፎ ነበር። የጃናሞራ ልጅ ነው። አራት ዓመት ድንጋይ አቀብሎ አሁንም በረዳት ሒሳብ ነው ያለው። ማዕዘኑን ሦስቴ አፍርሰውበታል። እርስዎ ቢሆኑ አይቆጡም?»

«ማዕዘን ማፍረስ ምንድን ነው?»

«አንድ ረዳት፣ ግንበኛ ለመባል፣ ብቻውን ማዕዘን ያቆማል። ያስተማረው ሰው ይለካዋል። ካልወደደው ማልታው ሳይደርቅ በእግሩ ገፍቶ ይጥለዋል።»

«ከወደደውስ?»

«እንግዲህ… ግንበኛ ነህ ይለዋላ። ሌላ ምን አለው?»

ይግዛው ረፋድ ላይ በጭነት መኪና ከዳባት ደረሰ። ፖሊሶቹን ሳያይ፣ ሬሳ የተነሳበትን ቦታ ሳያይ፣ በቀጥታ ወደ ግንቡ ማዕዘን ሮጠ። ማዕዘኑ ቆሟል። ልጁ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አየና ግራ ገባው።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው ጣይባ።

«ቱንቢው። ካልወደዱት ፈርሶ ማግኘት ነበረብኝ። ከወደዱት ደግሞ ቱንቢያቸው ማዕዘኑ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ጠዋት ረዳቱ በገዛ እጁ ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ ግንበኛ ነው። ይሄ… አልፈረሰም፣ አልተሰቀለም። ጋሼ የት ናቸው?»

ነገረችው። ይግዛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ማታ የት ነበርክ?»

«ዳባት፣ እህቴ ዘንድ። ማዕዘን ሲለካ ረዳት አይቆምም፤ ደንብ ነው። እህቴ እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች። ግንበኛ ስሆን ቤት ተከራይቼ አወጣሻለሁ ብያታለሁ። ዛሬ ይለይልናል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ከእህትህ ሌላ ማን አየህ?»

«ማንም። ከእመቤቷ ተደብቄ ነው ያደርኩት።»

«ጥሩ ምስክር የለህም። ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ረዳት ሆነህ ግንብ አትገነባም?»

«እገነባለሁ እንጂ! ይሄ የምሥራቁ ግድግዳ ግማሹ የኔ እጅ ነው።»

«ታዲያ ሒሳቡ?»

ልጁ ጥያቄዋን እንደ ሕፃን ጥያቄ ቆጠረው። «ለግንበኛ የሚከፈለው በሜትር ነው፣ ለረዳት በቀን። ረዳት ሜትር የለውም። የገነባሁት አብሮኝ ለቆመው ግንበኛ ይቆጠራል።»

ጣይባ ወደ ደምለው ዞረች። «እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሜትር የሚከፈለው ማነው?»

«እንግዳው ነዋ። እንደ ሁለት ሰው ነው የሚገነባ!»

ጣይባ መሰላል አስመጥታ ማዕዘኑ ላይ ወጣች፤ ስትወርድ ሁሉም እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ከሰዓት በኋላ ደምለው፣ እንግዳው፣ ይግዛውና የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ገበያነሽ በማዕዘኑ ፊት ቆሙ። ከከተማው ዳር ካለው ገደል የሚነሳው ጉም የግንቡን ጫፍ መሸፈን ጀምሯል።

«ያርጋል የሞቱት ትናንት አመሻሽ ላይ ነው» አለች ጣይባ። «ለመለካት መወጣጫው ላይ ወጥተው ነበር። ሁላችሁም ማዕዘኑ ሳይለካ የሞቱ መስሏችኋል፤ ቱንቢው ከኪሳቸው ስለተገኘ። ክሩን እዩት። ከእርጥብ ግንብ ጋር ተጣብቆ፣ ቀጥ እንዳለ ደርቋል። የተጠቀለለው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ማልታው ኪሳቸው ውስጥ የረገፈውም ለዚህ ነው። ማታ የሞተ ሰው፣ ሌሊት ሲደርቅ ያደረን ክር ጠቅልሎ ኪሱ አይከትም።»

«የት ሲደርቅ ነው ያደረው?» አለ ደምለው።

«እዚህ።» ከማዕዘኑ አናት ወደ ታች የወረደ ቀጭን መስመር በጣቷ ተከተለች፤ ክሩ እርጥቡ ማልታ ላይ የተወው ነው። «ተሰቅሎ አድሯል። ያርጋል ማዕዘኑን ወደውታል።»

ይግዛው አፉን በእጁ ያዘ።

«ጠዋት ያወረደውስ ማነው? አቶ ደምለው የተሰቀለ ቱንቢ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፤ የት አደረ ብለው የጠየቁትም ለዚህ ነው። ይግዛው ገድሎ ቢሆን እንኳ፣ አራት ዓመት የጠበቀውን ነገር አይደብቀውም፤ አውርዶ በየሰፈሩ ያሳየዋል። የቀረው ትርጉሙን የሚያውቅ፣ ቀድሞ የደረሰ፣ “ከወደደውስ?” ብዬ ስጠይቀው ስለ ቱንቢ ትንፍሽ ያላለ ግንበኛ ነው። አቶ እንግዳው፣ ይግዛው ግንበኛ ከተባለ የሱ ሜትር ለእርስዎ መቆጠሩ ይቀርና እንደ ሁለት ሰው መገንባት ያቆማሉ።»

እንግዳው መሬት መሬት ማየቱን ተወ።

«ለምኜያቸዋለሁ» አለ። «ይሄ ሥራ እስኪያልቅ ልጁን አቆዩት አልኳቸው። “ከነገ ጀምሮ ሜትሩ የራሱ ነው” አሉኝና ወጥተው ሰቀሉለት። እኔ ሰባት ዓመት በረዳትነት ለሌላ ሰው ሜትር ስቆጥር ማን አዘነልኝ? ተራዬ ሲደርስ… ገመዱ እጄ አጠገብ ነበር። ሲመሽ ቱንቢውን ረሳሁት። ጠዋት ብርሃን ሲሆን ያፈጠጠብኝ እሱ ነው። ብደብቀው ቱንቢያቸው የት ሄደ ይባላል፤ ኪሳቸው ከተትኩት።»

«አንተ አውሬ!» አለች ገበያነሽ።

እጁን አስረው ሲወስዱት ይግዛው ከኋላ ተከተለ። «ጋሽ እንግዳው፣ ወደውታል አይደል? ለአቶ ደምለው ይንገሩልኝ! ለሰዉ ይንገሩልኝ!»

እንግዳው ዞር ብሎ አየው። «ወደውታል» አለ። «ከነፍሰ ገዳይ አፍ ምን ያደርግልሃል?»

ልጁ ወደ ጣይባ መጣ። «ቱንቢውን ይስጡኝ።»

«ማስረጃ ነው፤ ለፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ከፍርድ በኋላም ለወራሽ ነው።»

«እማማ ገበያነሽ፣ ጋሼ ስለኔ ነግረውዎት ነበር?»

«ልጄ፣ እሱ የሥራ ነገር እቤት አያስገባም ነበር» አለች፤ ነጠላዋንም ወደ ዓይኗ ሳበች።

በሳምንቱ ደምለው ከጎንደር አዲስ ግንበኛ አስመጣ። ሰውዬው ማዕዘኑን ዞሮ ዞሮ አየው።

«የማን እጅ ነው?»

«የዚህ ልጅ» አለች ለመጨረሻ ጥያቄ የመጣችው ጣይባ። «ያርጋል ለክተው አጽድቀውታል። እኔ እመሰክራለሁ።»

ግንበኛው ሳቀ። «ፖሊስ ደግሞ ድንጋይ ማጽደቅ ጀመረች? እኔ ያላስተማርኩት ረዳት ባቆመው ማዕዘን ላይ ግንብ አላስጠጋም። ይፍረስ።» በጫማው ገፋው። ማዕዘኑ ንቅንቅ አላለም። ደጋግሞ ገፋው፤ አልሆነም። ትልቁን መዶሻ አንስቶ ለይግዛው ሰጠው።

ጣይባ ደምለውን አየችው። ደምለው ሰማዩን አየ። «የቀን ሒሳቡ ይታሰብለታል» አለ።

ይግዛው መዶሻውን አነሳ። ማዕዘኑ በደንብ የተገነባ ስለነበር ለማፍረስ ቀኑን ሙሉ ፈጀበት።