ወንድሜ «ይሰማል?» ያለኝ ቀን

እኔ በሙት መንፈስ ማመን ቀርቶ፣ ሰው ሲያወራ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ይህን ስነግራችሁ አበደች እንዳትሉኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቄስ ምስጋናው ጋፋት አጠገብ ባለች ደብር ያገለግል ነበር፣ እናታችን «ቄስ ነው፣ አንቱ በዪው» እያለች ብትቆጣኝም ለእኔ አንተ ነው። ደብረ ታቦር ኮሌጅ አብረን ገባን፣ ትምህርቱ ግማሹ በአካል ግማሹ በኢንተርኔት ነውና ለእሱ በልኩ የተሰፋ ነበር፤ ሰሞነኛ ሲሆን፣ የአገልግሎት ተራው ሲደርስ ማለቴ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስለማይወጣ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጦ በስልክ ይከታተላል። ኔትወርኩን አያምነውም፣ ከመናገሩ በፊት «እታለም፣ ይሰማል?» ይላል፣ እኔም ከመምህሩ ላፕቶፕ አጠገብ ሆኜ «ይሰማል ጋሼ» እላለሁ፣ እኔ ካልመለስኩለት አንዲት ቃል አይተነፍስም፣ ክፍሉ በዚህ ይስቅብን ነበር።

ባለፈው ክረምት በሰሞኑ ሳለ ታመመና በዚያው አረፈ። ትምህርቱን ልተወው ስል እናቴ ናት «እሱ የጀመረውን ጨርሺለት» ብላ የመለሰችኝ።

ከፋሲካ በኋላ አዲስ መምህር መጣ፣ ስለ ወንድሜ የነገረው የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ከላፕቶፑ መጀመሪያ ነፋስ ሰማሁ፣ ከዚያ የቁልፍ መንቃጨል፣ ወንድሜ ሲያስብ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክር ነበር፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እመኑኝ።

«እታለም፣ ይሰማል?»

የወንድሜ ስልክ እኮ እኔው ቦርሳ ውስጥ ነው! ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደተዘጋ ነው፣ አውጥቼ አየሁት፣ አልበራም። መምህሩ ምን ያውቃል፣ ስክሪኑ ላይ የወንድሜን ስም አንብቦ «ይሰማል አባታችን፣ ሰሞነኛ ነዎት እንዴ? ይቀጥሉ» አለ። ቁልፉ ብቻ ይንቃጨላል።

«እታለም?» አለ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፣ ያቺ አንዲት ቃል አቃተችኝ። ቁልፉ ቆመ፣ ነፋሱም ጠፋ።

«ኔትወርክ ነው፣ ይመለሳሉ» አለ መምህሩ፣ ማን ያስረዳው?

ሊነግረኝ የመጣውን ይዞ ሄደ፣ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ዛሬም ከላፕቶፑ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ትምህርት ሲጀመር ማንም ሳይጠይቀኝ «ይሰማል ጋሼ» እላለሁ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ እጠብቃለሁ። አሁን ማንም አይስቅብንም።