የመጀመሪያው ዱቄት

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ መልኩ ጠፍቷል። የመምሪያው መኪና ከተበላሸ ሰንብቷል፤ የተሳፈረችበት ባጃጅም ዳገቱን እምቢ ብሎ ከመንገድ አውርዷታል። እንጅባራ በሰኔ እንዲህ ናት። ዝናቡ አጥግቦ አይዘንብም፣ እፎይ ብሎም አያባራም። በዚያ ሳምንት ሌላም ሬሳ አይታ ነበርና ይህኛውን ለማየት ልቧ አልተነሣላትም። የደከማት እግሯ ብቻ አልነበረም፤ ሰው በሰው ላይ የሚሠራውን ማየት ራሱ ታክቷታል።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ማንም አልነካውም» አላት በር የሚጠብቀው ፖሊስ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዓለምነው ከሞተሩ አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል። የጋቢው ጫፍ ሞተሩን ከወፍጮው በሚያገናኘው ቺንጋ ላይ ተጠምጥሟል። የቺንጋው የብረት ክዳን ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ነገሩን ላየው ሰው ግልጽ ነው፤ ክዳን የሌለው ቺንጋ ጋቢውን ያዘው፣ ጋቢው ሰውየውን ጎተተው። ሰርክአዲስ ግን በሥራ ዘመኗ ቶሎ ግልጽ የሚሆን ነገር ብዙ ጊዜ አታልሏታልና አጎንብሳ ማየት ጀመረች።

የተጠመጠመው ጋቢ አልተቀደደም፤ የቺንጋ ጥቁረትም አልነካውም። የሟች ቁስል ከማጅራቱ በላይ ነው። ጀርባው፣ ጸጉሩና ጋቢው ቀላ ባለ ጥቁር ብናኝ ተሸፍነዋል፤ ሚዛኑም፣ መስኮቱም፣ የሸረሪት ድሩም ሳይቀር እንደዚያው። የዳጉሳ ዱቄት ነው። አንሡት ብላ ስታዝ ግን ከሥሩ ያለው ወለል ነጭ ሆኖ ተገኘ። የዳጉሳው ጥቁረት እስከ ጎኑ ደርሶ ቆሟል፤ ሰውየው ተኝቶበት የነበረው ቦታ ብቻ የጤፍ ዱቄት እንደለበሰ ቀርቷል።

ተፈጭቶ ያለቀ እህል በሚቀመጥበት በኩል አንድ የዳጉሳ ዱቄት ጆንያ አፉ ታስሮ ቆሟል። ከወፍጮው በላይ በምስማር ላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ተንጠልጥሏል። ሰርክአዲስ አውርዳ አየችው፤ ባዶ ነው።

«ምን አገኙ?» አለ ፖሊሱ።

«ዱቄት» አለችው።

ሬሳውን ያገኘው የሟች ታናሽ ወንድም ይሄነው ነበር። በደጅ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይስላል። ዕድሜው ከአርባ ብዙም አላለፈም፤ ሽፋሽፍቱ ግን ዱቄት ለምዶበት ነጭ ሆኗል።

«ወፍጮውን የምታስተዳድረው አንተ ነህ?»

«አባታችን ካረፈ ጀምሮ። አያ ዓለምነው መተከል እርሻ ላይ ነበር፤ ዘንድሮ ነው ጠቅልሎ የመጣ። እኔ እዚሁ ነኝ። መብራት አለ ብዬ ስከፍት ይሄዳል፣ የለም ብዬ ስዘጋ ይመጣል። ድንጋዩ ሲያልቅ አስወቅራለሁ። ሴቶች በወረፋ ሲጣሉ አስታርቃለሁ። ጠዋት ነጭ እህል፣ ከሰዓት ጥቁር። ይኸው ነው።»

«አንድ ቀንስ ዐርፈህ አታውቅም?»

«ወፍጮ ዕረፍት አለው ብለው ነው?»

ቅዳሜ ረፋድ መብራት ሲሄድ አዲስ ቺንጋ ፍለጋ ግምጃ ቤት ከተማ ወርዶ እንደነበር ነገራት። በጋሪ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ሲደርስ መሽቶ ነበር፤ በሩን ከፈተና ወንድሙን ተደፍቶ አገኘው።

«ዳጉሳውን ማን ፈጨው?»

«ወደ ማታ መብራት ሲመጣ ራሱ አስነሥቶት ይሆናል። ወፍጮውን እንደረሳው መች ያውቃል።»

«ክዳኑንስ የፈታው?»

ይሄነው መሬት መሬቱን አየ። «ውዱ ነው። ሠራተኛችን። ቺንጋውን ሊያጠብቅ ጠዋት ፈታው፤ መብራት ሲሄድ እንደተፈታ ትቶት ወደ ቤቱ ሄደ።»

ይህን አገር ሁሉ ሰምቶታል። የሟች ወገን፣ የአባቱ ወንድም አቶ ሽባባው፣ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው ከአጥሩ ሥር ቆመዋል። ሰርክአዲስ ገና ስትወጣ አስቆሟት።

«እንጅባራ ሁሉ ያወቀውን ፖሊስ ሳያውቅ ይቀራል? የገደለው ውዱ ነው። በቸልታም ይሁን በተንኮል፣ ሰው ሞቷል።»

«ውዱ በእኛ እጅ ነው፣ አያ ሽባባው።»

«በእናንተ እጅ እስካለ ድረስ ነዋ! የለቀቃችሁት ቀን ለእኛ ተዉት።»

«እስከ ሣልስቱ ይታገሡኝ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «እስከ ሣልስቱ። ከዚያ ወዲያ የወንድሜ ልጅ ደም እደጄ አያድርም።»

ሰርክአዲስ እኒህን ሰው ለማስፈራራት አልሞከረችም። የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው እንደሆኑ ከፊታቸው ታነባለች። ጥፋቱ የውዱ ነው ተብሎ ከተዘጋ፣ ፍርድ ቤት ቢያስረውም ቢለቀውም፣ ውዱ የሞተ ሰው ነው።

ውዱን ጣቢያ አገኘችው። በአገውኛ አፉን የፈታ፣ አማርኛውን በወፍጮ ቤት ያቀላጠፈ የገጠር ሰው ነው። ስትገባ ብድግ አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

«ቅዳሜ ምን ስትፈጭ ነበር?»

«ጤፍ ብቻ። ለዳጉሳ ተራው ሳይደርስ መብራት ሄደ። እኔም ድንቼን ልኮተኩት ሄድኩ።»

«የሄድክበትን ማን ያውቃል?»

«ሚስቴ።» ራሱን ነቀነቀ። «የሚስት ምስክርነት ምን ይረባል ብለው ነው? ክዳኑን አለመመለሴ እንደሆነ እውነት ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፣ ኢንስፔክተር። አስቤበት አይደለም እንጂ ገድዬዋለሁ።»

«የጠየቅሁህን ብቻ መልስልኝ። ከጤፍ ወደ ዳጉሳ ስትሸጋገሩ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ጤፍ ከዳጉሳው ይቀላቀላል። ያን የመጀመሪያውን ዱቄት ምን ታደርጉታላችሁ?»

ውዱ ደንገጥ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከፖሊስ አልጠበቀም። ሰርክአዲስ ግን በልጅነቷ ዳንግላ ላይ በወፍጮ ወረፋ ስንት ቀን እንደዋለች አልነገረችውም።

«እኔ... በጣሳ እይዘዋለሁ። ለዶሮዎቼ ነው። አስፈጪዎቹ እፍኝ ዱቄት አይቆጥሩም። ይሄነው ግን አይወድም። ሌብነት ነው ብሎ ብዙ ጊዜ ተቆጥቶኛል።»

«እሱስ ሲፈጭ?»

«እሱማ ከባለቤቱ ጆንያ ይጨምረዋል። ይሄነው የሰው ነገር አይነካም። ይህን ጠላቱም አይክደው።»

በማግሥቱ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጠላ የምትጠምቀውን ማናለብሽን ልትጠይቅ ሄደች። ያ የዳጉሳ ጆንያ የእርሷ ነበር፤ ሬሳው ከተነሣ በኋላ እንድትወስደው ተፈቅዶላታል። ማናለብሽ ወሬ የማያልቅባት ሴት ናት።

«መብራት መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ወፍጮው ተነሣ፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ጎሽ፣ ዳጉሳዬ ደረሰልኝ አልኩ። ጥቂት ፈጭቶ ዝም አለ። ሲመሽ ይሄነው ሲጮህ ነው የወጣሁ።»

«ዱቄቱ እንዴት ነው?»

«አወይ! የሰው ሞት ባይሆንበትማ የፈጨውን እመርቅ ነበር። ወደ እንስራው ስገለብጠው መጨረሻ ላይ ከጆንያው ግርጌ ነጭ ወጣ። ጤፍ ያለበት! ውዱ ቢሆን ይኼኔ በዶሮዎቹ ሆድ ገብቶ ነበር።»

ስትስቅ ቆየችና ሐዘኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሰርክአዲስ አልሳቀችም። የምትፈልገውን አግኝታለች፤ ደስ ግን አላላትም። ወደ ጣቢያ ስትመለስ መንገዱ ከመጣችበት የረዘመ መሰላት።

በሣልስቱ ቀን፣ ለቀስተኛው ከድንኳኑ ሳይበተን፣ ጥቂቶቹን ወደ ወፍጮ ቤቱ ጠራቻቸው። የሟች ሚስት ዘውድነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። አቶ ሽባባው ጠመንጃቸውን ከጭናቸው ላይ አጋድመው በጆንያ ላይ ተቀመጡ። ይሄነው ከሚዛኑ ጎን ቆመ። ማናለብሽ በሩን ተጠግታለች። ውዱን ሁለት ፖሊሶች መካከላቸው አድርገው አስገቡት፤ ሽማግሌውን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«አቶ ዓለምነውን የገደላቸው ቺንጋ አይደለም» አለች ሰርክአዲስ። ድምፅዋን አላነሣችም። «የሚዞር ቺንጋ የያዘው ጨርቅ ይቀደዳል፣ ይጠቁራል። ይህ ጋቢ ግን ዱቄት ብቻ እንጂ ቅዳጅም የቺንጋ ጥቁረትም የለበትም። ቺንጋው ከቆመ በኋላ በእጅ ተጠምጥሟል።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይስሙኝ። ቅዳሜ ጠዋት የተፈጨው ጤፍ ነው፤ ስለዚህ ወለሉ ነጭ ለበሰ። ማታ ዳጉሳ ተፈጨ፤ ቤቱ ሁሉ ጠቆረ። ከሟች ሥር ያለው ግን ነጭ ብቻ ነው፤ ዳጉሳው ያለው ከጀርባቸው ላይ ነው። ዳጉሳው ሲፈጭ አቶ ዓለምነው እዚሁ ወድቀው ነበር ማለት ነው። የወደቀ ሰው ወፍጮ አያስነሣም።»

ዘውድነሽ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን ያዘች።

«መብራት በሌለበት ቺንጋ ሰው አይገድልም። ስለዚህ ገዳዩ መብራት እስኪመጣ ጠበቀ፤ ጎረቤት ሰምቶ ወፍጮው ሲሠራ ነበር እንዲል። ሞተሩን ማስነሣት ይበቃው ነበር። እሱ ግን እህል ጨመረ። ለምን? ድንጋይ ባዶውን ከዞረ እርስ በርሱ ይበላላል። ሰው ገድሎ ለድንጋዩ የሚሳሳ ማን ነው? ደግሞስ የተፈጨውን በጆንያ ሞልቶ፣ አፉን አስሮ፣ ካለቀላቸው ጋር የሚያቆም? ወፍጮ ሥራው የሆነ ሰው ነው። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል።»

የሁሉም ዓይን ውዱ ላይ ዐረፈ። የአቶ ሽባባው እጅ ወደ ጠመንጃው መቆለፊያ ሄደ።

«ገና ነኝ፣ አያ ሽባባው» አለቻቸው ፈጥና። ከዚያም ወደ ሌላው ዞረች። «ይሄነው፣ ያን ጤፍ የተቀላቀለበትን የመጀመሪያ ዱቄት ለምን ከማናለብሽ ጆንያ ጨመርከው?»

«የእሷ ነዋ!» አለ ይሄነው። ቁጣ ነበረበት።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የተናገረው ለራሱ የተሰማው። ውጭ የለቀስተኛው ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ውዱ ቢሆን ከጣሳው ይገባ ነበር» አለች ሰርክአዲስ ቀስ ብላ። «ጣሳው ባዶ ነው።»

ይሄነው ሚዛኑን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሳለ፤ ሳሉ እስኪለቀው ጠበቁት።

«ግምጃ ቤት ቺንጋ አጣሁና ቶሎ ተመለስኩ። እዚህ ብቻውን አገኘሁት። 'ደክሞሃል፣ ከነገ ጀምሮ ቁልፉን ለውዱ ስጥ' አለኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት! ዱቄት በልቼ፣ ዱቄት ተንፍሼ፣ ዱቄት ለብሼ... እሱ በመጣ ዓመት ሳይሞላው 'ደክሞሃል!' ገፈተርኩት። ሚዛኑ ላይ ወደቀ። በእግዚአብሔር፣ አንዴ ነው የገፈተርኩት። ሳነሣው የለም። ጎትቼ ከሞተሩ አጠገብ ደፋሁት።»

«ይሄነው» አለች ዘውድነሽ። ድምፅዋ ተሰባብሮ በጭንቅ ይሰማል። «እኮ እንድታርፍ ነው! ሳልህ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣው ነበር። 'ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው፣ ከዚህ ዱቄት ላውጣው' ሲለኝ አመሸ። ባሕር ዳር ወስዶ ሊያሳክምህ ነበር እኮ!»

ሰርክአዲስ ለዚህ ሰው አዘነችለት። ማዘኗም አናደዳት።

«ስትገፋው አላሰብክበት ይሆናል» አለችው። «ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አስበህበታል። የሴትየዋን እፍኝ ዱቄት አልወሰድክም፤ የውዱን ነፍስ ግን ልትወስድ ነበር።»

አቶ ሽባባው ጥይቱን አንድ በአንድ እያወጡ ከኪሳቸው ከተቱ።

«ሁለቱም የወንድሜ ልጆች ናቸው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «የማንን ደም ከማን ልመልስ?»

ፖሊሶቹ ይሄነውን ይዘው ወጡ። ሽማግሌው ዘውድነሽን ደግፈው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ማናለብሽም ተከተለቻቸው። ውዱ ግን ካቆሙበት ቦታ አልተነቃነቀም። ማንም አልያዘውም፤ እሱ ግን እንደተያዘ ሁሉ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል።

«ሂድ እንጂ፤ ሚስትህ ትጠብቅሃለች» አለችው ሰርክአዲስ።

«ክዳኑን ግን እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ክዳኑ ማንንም አልገደለም።»

«እኔ አልገደልኩትም?»

«አልገደልከውም።»

ውዱ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ፣ አገር ሳይፈርድበት በፊት፣ ራሱ በራሱ ላይ ፈርዶ ጨርሶ ነበር።

«እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ፣ እመቤቴ» አላት።

ሰርክአዲስ ደገመችለት። እንባው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እርሷም አጠገቡ ካለው ጆንያ ላይ ተቀምጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።