ኩራዝ ያልወረደበት ጉድጓድ

አያ አላምረው ሞተው የተገኙት ከገዛ ጓሯቸው የማሽላ ማከማቻ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ልጃቸው ፍሬሕይወት ማለዳ ተነስታ አልጋቸውን ባዶ ብታገኘው ወደ ጓሮ ወጣች። የጉድጓዱ አፍ ተከፍቷል፤ ከታች የባትሪ መብራት ይታያል። ጩኸቷን ሰምቶ የተሰበሰበው ጎረቤት «ቆይ፣ ይናፈስ! ማንም እንዳይገባ!» እየተባባለ ነፋስ እስኪገባበት ጠብቆ ሽማግሌውን በገመድ ሲያወጣቸው ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሚና ስትደርስ የቆቦ ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ገዳዩ ሰላሁዲን ነው፤ የስልሳ ዓመት ጓደኛቸው። በሞታቸው ዋዜማ ወደ ማታ ላይ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ከአጥራቸው ሥር ቆሞ «ከዚያ ጉድጓድ ምንም አታወጣም! ተው ብያለሁ!» እያለ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሙሚና ጎብዬ ተወልዳ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያለበት ግቢ ያደገች ሴት ናት። ወሬውን ሰምታ ወደ ጓሮው አለፈች።

የሽማግሌው ጫማ ከጉድጓዱ አፍ ጎን ለጎን ተቀምጧል። መሰላሉ በሥርዓት ወርዷል። ክዳን የነበረው ሰፊ ድንጋይ በድጅኖ ተፈንቅሎ ወደ ጎን ተጋድሟል። ሙሚና ተንበርክካ በድንጋዩ ዙሪያ የወደቀውን ጭቃ በጣቷ ነካካችው። ከፊሉ ዝናብ አሟሙቶት ከመሬቱ ጋር ተለንቅጧል፤ ከፊሉ ደግሞ በረጠበው መሬት ላይ ደረቅ እንዳለ፣ ጠርዙ እንደ ሸክላ ስባሪ ስለታም ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱንም በየወረቀቱ ጠቀለለቻቸው።

ከጉድጓዱ አንድ የእንጨት ሳጥን ወጣ። ላይ ላዩ ደህና ነው። የታሰረበትን ሲባጎ ሙሚና ራሷ ፈታችው። ክዳኑን ስታነሳ ግን መልሳ ወዲያው ዘጋችው።

አላምረውና ሰላሁዲን በደርግ ጊዜ ከተንቀሳቃሽ ሲኒማ ጋር ይዞሩ ነበር። ሰላሁዲን መኪናውን ይነዳል፤ አላምረው ፊልሙን ያሳያሉ። ከምሥራቅ ጀርመን ፊልም በመጣ ቁጥር ሥዕሉ በእጅ ተስሎ የታተመ ፖስተር አብሮት ይመጣል። ሌላው ስኳር ይቋጥርበታል፤ አላምረው ግን እየለመኑ አርባ አንድ ሰበሰቡ። ሊያይ ለመጣ ሁሉ «በጠርዙ! በሁለት እጅህ!» ይሉ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሳጥን ውስጥ ጠቅልለው ባዶው ጉድጓድ ውስጥ አወረዷቸውና አፉን በድንጋይ ከድነው በጭቃ መረጉት። ሰላም እስኪጸና ድረስም አልነካቸውም አሉ። መንደርተኛው «ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ የእሳቸው ላም እንኳ በጉድጓድ ናት» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ሊገዛቸው ከአዲስ አበባ የመጣው ሚኪያስ የጀርመን የድሮ ፊልም ፖስተር የሚሰበስብ ጎልማሳ ነው። ያረፈበት ሆቴል ባለቤት ሀስና ማለዳ የፍሬሕይወት ጩኸት ሲሰማ የተቆለፈውን በር ከፍታ ያስወጣችው እሷ መሆኗን መስክራለታለች።

«ሊሸጡልህ ተስማምተው ነበር?» አለችው ሙሚና።

«ገና አልቆረጡም። መጀመሪያ ስደውል 'የታጠፉ ናቸው ወይስ የተጠቀለሉ? ከግርጌያቸው የማተሚያ ቤቱ ጽሑፍ አለ?' ብዬ ጠየቅኋቸው። ያለቀሱ መሰለኝ። 'ልጄ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም' አሉኝ።»

«በዋዜማውስ ምን አሉህ?»

«'ጉድጓዱ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ ተናፍሷል፤ ነገ ታያቸዋለህ' አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር።»

ሙሚና ይህችን ቃል ጻፈቻትና ደጋግማ አነበበቻት። ከዚያ ሰላሁዲን ወደታሰረበት ጣቢያ ሄደች።

«አያ ሰላሁዲን፣ 'ምንም አታወጣም' ብለው ጮኸዋል?»

«ጮኼያለሁ።»

«ለምን?»

«ተናድጄ።»

«በምን?»

«በወረቀት።» ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «ልጅቱ እህል ቀመሰች?»

«እንጃ።»

«እስቲ ሰው ላኪባት። እኔን ተይኝ።»

እስር ቤት ሆኖ ስለ ሌላ ሰው ምሳ የሚጨነቅ ተጠርጣሪ ሙሚና ብዙ አላየችም። ያን ዕለት፣ ሰላሁዲን በዋዜማው ዋጃ ውሏል መባሉን ሰምታ፣ ከዚያ የሚመጡትን ሚኒባሶች ሾፌሮች ስትጠይቅ ዋለች።

በሰልስቱ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ሙሚና ሰላሁዲንን ያለ ካቴና አመጣችው። ፍሬሕይወትና ሚኪያስም ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሙ። ልጅቱ አባቷ ከተቀበሩ ጀምሮ እንባ አልወጣትም ነበር።

«አያ አላምረውን ማንም አልገፋቸውም» አለች ሙሚና። «ጫማቸውን አውልቀው በመሰላል ወርደዋል። የገደላቸው የታፈነው የጉድጓድ አየር ነው፤ ሐኪሙም ያለው ይኸንኑ ነው።»

«አደጋውን አያውቁም ነበር?» አለ ሚኪያስ።

«የራያ ሕፃን ያውቀዋል። ከፍተህ ቀን ሙሉ ታናፍሳለህ። ከዚያ ኩራዝ አብርተህ ታወርዳለህ፤ ከጠፋ አትገባም። እሳቸው ኩራዝ አላወረዱም።»

«ከፊልም አጠገብ እሳት አይቀርብማ» አለ ሰላሁዲን መሬት መሬት እያየ። «ዕድሜውን ሙሉ ሲጋራዬን ሳላጠፋ ከመኪናው ኋላ አላስጠጋኝም። ወረቀቱንም እንደዚያው ነበር የሚፈራለት።»

«አዎ። ባትሪ ደግሞ በታፈነ አየርም ይበራል፤ አይናገርም። ቢሆንም ጉድጓዱ መናፈሱን ባያምኑ አይገቡም ነበር። ለሚኪያስ 'ከጠዋት ጀምሮ ተናፍሷል' ብለውታል። እንዲያ ያላቸው ሰው አለ። ያ ሰው ግን ድንጋዩን አላነሳውም።»

ወረቀቶቹን ፈታ ሁለቱን ጭቃ በመዳፏ አሳየች።

«ይህ የሟሟው የላይኛው ምርጊት ነው፤ ከዝናቡ በፊት ተፍቋል። ይህ ደረቁ ከድንጋዩ ሥር ከስንጥቁ ውስጥ የነበረው ነው። ከዝናቡ በኋላ ባይሰበር ኖሮ እሱም ይሟሟ ነበር። ስለዚህ ላዩን ፍቆ የተከፈተ ያስመሰለው ሰው ሌላ ነው፤ ድንጋዩን ያነሱት ግን እሳቸው ናቸው፣ ጎህ ሲቀድ። ቢከብዳቸው ዝናቡ ያጣበቀው መስሏቸዋል። እንግዳቸው ሳይመጣ ሊያዘጋጁለት ቸኩለው ነበር።»

«እኔ ነኝ!» አለ ሰላሁዲን ድንገት። «የፋቅሁትም፣ የነገርሁትም እኔ ነኝ። ጻፊው!»

«አያ ሰላሁዲን፣ ያን ቀን ዋጃ ነበሩ። ያመጣዎት ሾፌር ቆቦ የገባው ዝናቡ ሲያባራ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስለሚያውቁ ነው ተው ብለው የጮኹት። ዝም ያሉት ደግሞ አባቷ በማን ቃል አምነው እንደወረዱ ልጅቱ እንዳታውቅ ነው።»

ሙሚና ቀጥሎ ያለውን ባትናገር ትወድ ነበር። አንዱን ከእስር የሚያወጣው ቃል ሌላዋን እንደሚሰብራት ታውቃለች። ደግነቱ መናገር አላስፈለጋትም።

«አምና ነው» አለች ፍሬሕይወት፤ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ። «አባዬ ታሞ ደሴ በተኛ ጊዜ ከአያ ሰላሁዲን ጋር አናፍሰን ከፈትነው። ልናስደስተው ብለን። ምስጥ ጨርሷቸዋል። መልሰን አስረን መረግነው። መንገር አቃተኝ፤ በየቀኑ ነገ እላለሁ። እንግዳው ሲመጣ አባዬ 'ዛሬውኑ እንክፈት' አለ። የላዩን ምርጊት ብቻ ፍቄ 'ከጠዋት ከፍቸዋለሁ፣ ዝናብ እንዳይገባ መልሼ ከደንሁት፣ ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ አብረን እናወጣለን' አልሁት። እንዴት እንደምነግረው ላስብ ብዬ ነው። አንዲት ሌሊት ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

ሰላሁዲን ደግፎ መሬት ላይ አስቀመጣት።

«ግድያ አይደለም፤ እንደዚያው አድርጌ እጽፋለሁ» አለች ሙሚና። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አለች። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ሳጥኑ ሲወጣ ሲባጎው እንደታሰረ ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ። አባትሽ አላዩትም።»

«አብሽሪ፣ ልጄ» አለ ሰላሁዲን። «አርባ አንዱም እንዳማሩ ናቸው ብሎ ነው የሄደ።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ሚኪያስ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ምስጡ ያመጣውን አፈር ቀስ ብሎ በጣቱ ሲገልጥ ቆየና መዳፍ የምታክል የወረቀት ጥግ አገኘ። ከግርጌዋ ትንንሽ የጀርመን ፊደሎች አሉባት። ወደ ብርሃን ይዞ ገልበጥ አድርጎ አያት።

«አንድም እጥፋት የላትም» አለ ለፍሬሕይወት እያሳያት፤ የራሱም ዓይን ቀልቷል። «እንደተጠቀለሉ ነው ያኖሯቸው።»

ፍሬሕይወት ፊቷን በነጠላዋ አበሰችና ወረቀቷን ተቀበለችው፤ በጠርዟ፣ በሁለት እጇ።