ያልገባው አለ?

«ከተጠየቅሽ የአክስቱ ልጅ ነኝ በይ» አላት ወንድሟ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በር የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ። «ደግሞ አብረን አንግባ። እኔ ልቅደም፣ አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ነይ።»

«እሺ» አለችው።

ምን ትበለው? ቤት ውስጥ እሷ «ትልቋ» ናት፣ እሱ ደግሞ «ትንሹ»። በዓመት ከምናምን ትበልጠዋለች። የጫማ ክር ማሰር ያስተማረችው፣ ሲደበድቡትም ልጆቹን እያሯሯጠች ያስጣለችው እሷ ናት። ዘንድሮ ግን ነገር ተገላበጠ። እሷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ልትደግም ነው፤ እሱ ከሰባተኛ አንደኛ ወጥቶ አልፏል። ትምህርት ቤቱ ያለው ስምንተኛ ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እስከ አምና በተለያየ ፈረቃ ስለተማሩ የሱ ጓደኞች እህቱ መሆኗን አያውቁም።

በሱም አይፈረድም። ልጆቹ «ፕሮፍ» ነው የሚሉት። በአሥራ አራት ዓመቱ የወደቀች ታላቅ እህት አስከትሎ ክፍል ከመግባት የከበደ ነገር ያለ አይመስለውም።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የትንሹ ሐሰት ግን ማደርም አልቻለ። የሒሳብ መምህሩ፣ የክፍሉ ኃላፊም እሳቸው ናቸው፣ መዝገባቸውን ከፍተው ስም ከነአባት መጥራት ጀመሩ። የሱን ጠሩ፤ «አቤት!» አለ። ሁለት ስም አልፈው የእሷን ጠሩ።

«አቤት» አለች፤ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ከኋላ ወንበር ሬዲዮ የሚባለው ልጅ ብድግ አለ። ስሙ የወጣለት አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ስለሌለ ነው። «ፕሮፍ፣ እህት አለችህ እንዴ?»

«የአክስቴ ልጅ ናት።»

«የአክስትህ ልጅ ባንተ አባት ስም ነው እንዴ የምትጠራው? በል አስረዳና፣ ፕሮፌሰር!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ጠረጴዛውን በዳስተር ቢደበድቡም ሳቅ እንደ ጠመኔ አይጠፋም። በመሃል አንዲት ልጅ ለጎረቤቷ «አምና የወደቀችዋ እኮ ናት» ስትል ትልቋ ሰማች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እረፍት ሲደወል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፣ አልተመለሰችም። ማክሰኞ አልሄደችም። ረቡዕም። ያለ ፈቃድ ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነው።

ሁለቱን ቀን የዋለችው አባቷ ሥራ ቦታ ነው። አባቷ ጎሚስታ ነው። ግማሽ በርሜል ውሃ፣ ማስቲሽ፣ መሞረጃ፣ የሚጮህ ኮምፕረሰር፣ በቃ ይኸው ነው ሀብቱ። እሷ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን እግር ታያለች። እሱ አይጠይቃትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስለ ጎማ ካልሆነ በቀር ምንም አይጠይቅም።

ረቡዕ ከሰዓት አክስቷ መጣች። የእናቷ ታናሽ እህት ናት፤ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ» አለች ሳትቀመጥ። «አንዷ ሠራተኛ ለቃለች። አለቃዬን ለምኜ ቦታውን አስይዤልሻለሁ። እሱም ቢሆን እስከ ነገ ጠዋት ነው። ትምህርት ለሁሉ አልተሰጠም። እኔስ ሳልማር አልኖርኩም?»

ትልቋ የአክስቷን እጆች አየች። በረኪና የበላቸው፣ ጣት ለጣት የተሰነጣጠቁ እጆች ናቸው። አክስቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያላትን ነው የሰጠቻት። ግን ያ ማጠቢያ እናቷ ሦስት ወር የተኛችበትን ክፍል አንሶላም የሚያጥበው ነው። እናቷ የሞተችበት አንሶላ እዚያው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ይኼኔ ለሌላ በሽተኛ ተነጥፏል።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው አክስቷ አባቷን።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት የዳይሬክተሩን ጎማ ልቀይር ነው።»

እናቷ ይህን ቀልድ መቶ ጊዜ ሰምታ መቶ ጊዜ ስቃለታለች። አሁን የሚስቅ ጠፋ። እሱም ያለ ሳቂ መቅረቱ ትዝ ያለው ይመስል ቶሎ ብሎ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለ።

አክስቷ «ነገ ሁለት ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ» ብላ ሄደች። አባቷ የተበሳ የውስጥ ጎማ ውሃው ውስጥ ነክሮ ያሽከረክራል። ትልቋ ለወራት ሆዷ ውስጥ የቆለፈችውን ነገር ድንገት ተናገረችው።

«አባዬ፣ እማዬ ባትሞትም እወድቅ ነበር።»

የአባቷ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ። ከጎማው አረፋ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም። እኔው አውቀዋለሁ። ሒሳብ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አይገባኝም። እማዬ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ‹የዛሬው ገባሽ?› ትለኝ ነበር። ‹ገብቶኛል› እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ገብቶኝ አያውቅም። እሷ ግን አምናኝ ሞተች።»

አባቷ ጎማውን አወጣ። የተበሳውን ቦታ በአውራ ጣቱ ደፈነ።

«እሱን ለሰው አትንገሪ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ሰው እያዘነልሽ ነው። ይዘንልሽ።»

ማታ ራት ላይ ትንሹ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገራት። ሰኞ ያደረገው ሲቆረቁረው ነው የሰነበተው።

«ለክፍሉ ልጆች ነግሬያቸዋለሁ» አላት። «እህቴ ናት፤ የወደቀችው እናታችን ስለሞተች ነው፤ ድሮማ ከኔም ትበልጥ ነበር አልኳቸው። ሬዲዮ ራሱ አዘነ። ነገ ብትመጪ ማንም አይስቅብሽም። ሙች!»

ትልቋ ቀና ብላ አየችው። የመጀመሪያው ውሸት ከራሱ ሊያርቃት ነበር፤ ይኼኛው ግን ስጦታ ነው። ስጦታ እንዴት ይመለሳል? «እሺ» አለችው አሁንም።

ሐሙስ ጠዋት ሄደች። እውነቱ ይነገር ከተባለ የሄደችው ደፍራ አይደለም፤ እንደማይሳቅባት ስለተነገራት ነው። አክስቷ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቃ ጠብቃ ስትቀርባት ወደ ሥራዋ ገባች።

ትንሹ አልዋሸም፣ ማንም አልሳቀም። ሰኞ ያሾከሾከችው ልጅ ተጠግታ ቦታ ሰጠቻት። ሬዲዮ ዞሮ «ይቅርታ፣ እህቴ፣ አላወቅኩም ነበር» አላት፤ በሕይወቱ ዝግ ባለ ድምፅ የተናገራት የመጀመሪያዋ ነገር ሳትሆን አትቀርም። መምህሩ መዝገባቸውን ዘግተው ወደ ወንበሯ መጡ።

«እናትሽን ነፍስ ይማር። አይዞሽ። ዘንድሮ አንቺን ሰሌዳ ላይ አላወጣሽም፣ ጥያቄም አልጠይቅሽም። ዝም ብለሽ ተከታተዪ።»

«አመሰግናለሁ፣ ቲቸር።»

ቁጭ አለች። ከሰኞው ጋር ሲተያይ ይህ ገነት ነው። የሚያዝንላት ሰው መሃል መቀመጥ ደስ ይላል፣ ብርድ ልብስ እንደመከናነብ ያለ ነው። ግን ትንሽ ቆይቶ ዓመቱ ቁልጭ ብሎ ታያት። ማንም አይጠይቃትም። እሷም ትገለብጣለች። ሰኔ ላይ ትወድቃለች፤ ሰውም ከንፈሩን እየመጠጠ «እናቷ ሞታባት እኮ ነው» ይላል። ከዚያ አንሶላ ማጠቢያው። እናቷም ለዘላለም የልጇ መውደቂያ ምክንያት ሆና ትቀራለች።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። አንድ የማይታወቅ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ፣ ሰባት ተደምሮበት፣ ሃያ ሁለት ሆኗል። «ሰባትን ወደ ማዶ እናሻግራለን። ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል፤ መደመር የነበረው መቀነስ ይሆናል።» ለምን? ትልቋ ይህን «ለምን» አምናም ታቅፋው ነበር የተቀመጠችው። ሰባት ድልድይ ስለተሻገረ ብቻ ጠባዩ የሚለወጠው ለምንድን ነው?

ሰሌዳው ሞላ። መምህሩ እጃቸውን አራገፉና ዘወር አሉ።

«ያልገባው አለ?»

«ገብቶናል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

እሷም ከሁሉ ጋር አፏን ከፍታ ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሁ ስትል ነው የኖረችው፤ አፏ ራሱ ያውቀዋል። ግን ቃሉ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ እናቷ ትራስ ላይ እንደተኛች፣ ዓይኗን በግድ ከፍታ፣ «የዛሬውስ ገባሽ?» ስትል ታየቻት። አፏን ዘጋች። እጇን አወጣች።

ትንሹ ከፊት ወንበር ዞሮ አያት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ተይ፣ አትናገሪ።

«ምነው? መውጣት ፈለግሽ?» አሉ መምህሩ።

ተነሳች። «አይ፣ ቲቸር። አልገባኝም።»

«አይዞሽ፣ ሐዘኑ ነው። ቀስ በቀስ…»

«ሐዘኑ አይደለም።» እስክሪብቶዋን ዴስኩ ላይ አስቀመጠች። «እናቴ ሳትታመምም አይገባኝም ነበር። የወደቅኩት ሒሳብ ስለማላውቅ ነው።»

በመስኮቱ በኩል አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። አጠገቧ ያለችው ልጅ ክርኗን ሰበሰበች። ትንሹ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ደፋ። ያ ሁሉ ሞቅ ያለ ሐዘኔታ ከላይዋ ተገፎ ሲሄድ ተሰማት፤ በረዳት። ግን ቁጭ አላለችም።

መምህሩ እሷን አዩ። ከዚያ የሞላውን ሰሌዳ አዩ።

«የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?»

«ከመጀመሪያው።»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ደወሉ ሊደወል አሥር ደቂቃ እንኳ አልቀረውም። ዳስተሩን አነሱና ሰሌዳውን ከላይ ጀምረው ያጠፉ ጀመር።

ትልቋ እንደቆመች ደብተሯን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠች።